ከቆቡ ውስጥ ያለ ስም

ሰንጋ ተራ፣ በጠዋት፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ
ቆመናል አሥራ አንድ ሰው፣ ገና ወደ ፎቁ ሳንገባ።
ትርሲት ትናገራለች፣ ድምጿ በአቧራ ሻክሮ፦
«ከላይ የሚወድቅ ብሎን ‹ዞር በል› አይልም አክብሮ።
ባሕር ዛፉ መወጣጫ ሌሊቱን ዝናብ ጠጥቷል፤
ትናንት የያዘ ሚስማር ዛሬ ምናልባት ላልቷል።
ቀበቶ ያላሰረ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ የለም፤
የተሸፈነ ጉድጓድ ጣውላ ነው እንጂ ወለል አይደለም።»

ባለ ክራባቱ ጎብኚ፣ ቆቡን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣
«ጋሼ፣ አናትዎ እዚያ ነው?» ስትለው፣ አጠለቀው ደንግጦ።
አንዱ ሳቀ። ሌላው «የቀኑ ሒሳብ ስንት ነው?» አለ።
ክሬኑ አናታችን ላይ ባዶ መንጠቆውን ይዞ ዋለለ።

ከዚያ ፊርማ። ባንትይርጋ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ፤
«ተነግሮኛል» በሚል ወረቀት ላይ ጣቱ መሰከረ።
ለእኔ ቢጫ ቆብ ደረሰኝ፣ ጎኑ የተጫረ።

ገልብጬ ሳየው በእስክሪብቶ ስም ተጽፎበታል፤
«ግዛው» ይላል፤ የ«ው»ን ጫፍ ላብ በልቶታል።

«ግዛው የታለ?» አልኳት።
                    ትርሲት ዝም አለች።
ጠጋ ብላ ከአገጬ ሥር ማሰሪያውን አጠበቀች፣
በጣቷ ለካችና
እንደገና አጠበቀች።