የጓሮ ቆጠራ

ታኅሣሥ አሥራ ሦስት፣ ከቧንቧ ውሃ በላይ፤
ጦሳ ጉም ደርቧል፣ ገና ናት ፀሐይ።
ውርጩ ሌሊቱን ሙሉ በጎመኔ ላይ
ጨው ሲነሰንስ አድሯል።

ሠላሳ አንድ ዓመት በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ
መጋዘን ነበርኩ፤ ክር ስመዝን፣ ጣቃ ስጠብቅ፤
አንዲት ማጠንጠኛ ሳትጎድል አስረክቤ የወጣሁ
ዛሬ ከገዛ ጓሮዬ፣ ከቆጠራ ፊት ቆምሁ።
እርሳስ ከጆሮዬ ኋላ፣ ደብተር ከጋቢዬ ሥር፤
«በል» አልኩ ለራሴ፣ «ያለውን ያለ ብለህ አስፍር።»

የኮክ ዛፍ፣ አንድ። ሁኔታው፦ ቅጠሉን አራግፎ ጨርሷል፤
ግንዱ ሙጫ ያለቅሳል፣ አንድ ክንዱ ደርቋል።
(መቆረጥ ነበረበት አምና። አምና ግን ወገቤን አሞኝ፣
ካቻምና መጋዝ ጠፍቶ፣ ከዚያ በፊት ስንፍና ይዞኝ።)
ጌሾ፣ ሁለት እግር፦ ደህና። ጌሾ መቼ ታሞ ያውቃል!
ጤና አዳም፣ አንድ፦ ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል።
ሳማ፣ ብዛት፦ አልቻልኩም፤ ገና ሳልነካው ለበለበኝ፤
ጨጎጎት፦ ልቆጥር ስጠጋ፣ ቀድሞ በሱሪዬ ቆጠረኝ።
ቆርቆሮ፣ ሦስት፣ የዛገ፤ ለዶሮ ቤት የታሰበ፤
ቆርቆሮው ሳይመታ ሸለምጥማጥ ዶሮዎቹን ሰበሰበ።
ጫማ፣ አንድ እግር፣ የልጅ፣ ቀኝ። ባለቤቱ ሎግያ ላይ
ዛሬ ተሳቢ ይነዳል፤ ግራውን ፈለግኩ፣ አይታይ።

ፀሐይዋ ጦሳን ቀድማ ነካች፤ ወደኔ ቀስ ብላ ወረደች፤
ዕቅድ የምትባል ነገር ከሙቀት ጋር አብራ መጣች።
እዚህ እርከን እሠራለሁ፣ ድንጋይ ከቦዩ አውጥቼ፤
እዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘር ከሰኞ ገበያ ገዝቼ፤
ለጎመኑ ማታ ማታ ገለባ፤ ለጣሪያው ውሃ በርሚል፤
የበልጉ ዝናብ ከመጣ። እሱም እንደ ቀጠሮ ሰው ነው፤
አንዱን ዓመት ቀድሞ ደርሶ፣ ሌላውን ቤቱ የሚያድር ነው።

ቀረኝ የዱባው ክምር፣ የከረመ ሐረግ ጥቅልል።
ለብስባሽ ይሆናል ብዬ በእግሬ ገፋ ሳደርገው
ከውስጡ ብረት ጮኸ።
                         ጎንበስ አልኩ።
                                      አካፋ።
እጀታው በምስጥ ተበልቶ፣ አፉ በዝገት ተሸፍኖ፤
ወገቡ ላይ በቀይ ቀለም ‹አ›፣ የራሴው ምልክት ሆኖ።

ሁለት ዓመት።
ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተሬ የኋላ ገጽ፦
«ጉድለት፦ አካፋ፣ አንድ። ያለበት፦ ሙሄ ይማም።»
ሌባ አላልኩትም። ሌባማ አላልኩም።
ብቻ አንድ የበልግ ጠዋት፣ አጥሩን ተደግፎ፣
«አራጋው፣ አካፋ ታውሰኛለህ?» ሲለኝ
«አንተ ጋ አይደል?» አልኩ፣ ሳቅ ብዬ።
ሳቄ ገባው።
ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አጥር ዘሎ አያውቅም።
የጦይባ የዒድ ሳህን ግን አምናም መጣ፣ ዘንድሮም፤
እኔ ነኝ ባዶውን የመለስኩት።

መጋዘን ውስጥ ሕግ ነበር፤ ስህተት በላጲስ አይጠፋም፤
በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ይፈረምበታል፣ አይደበቅም።
ሰረዝኩ። ፈረምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ብርዱ ነው አልኩ።

ዕቅድ፣ ተራ ቁጥር አንድ (እርከኑ ወደ ሁለት ይውረድ)፦
የወይራ እጀታ ማስገባት፤ ከዚያ አጥሩን ዞሮ መሄድ።
ሄጄስ ምን ልል? «ይቅርታ» የሚል ዕቃ
በዝርዝሬ ኖሮ አያውቅም፣ መደርደሪያም የለው።
«ሙሄ፣ አካፋ ፈልገህ ነበር?» ልበለው?
ከሁለት ዓመት በኋላ?
«አብሽር» ይለኝ ይሆናል። ወይም ዝም።

ሞዴል ሃያ ሁለት። ወጪ፦ አካፋ፣ አንድ።
ሁኔታው፦ የዛገ፣ ያገለግላል።
የተረካቢ ፊርማ፦
                 ቦታውን ክፍት ተውኩት።
ጎመኑ ላይ ያደረው ጨው መንጠብጠብ ጀምሯል።