ጫኝና አውራጅ

ኤድመንተን፣ ሐምሌ ነው፣ እሑድ ከሰዓት፤
ከልጄ ጋር ገባን፣ ትኬት ቆርጬ ሁለት።
መናፈሻው ሙሉ ያለፈ ዘመን ነው፣
ፈረስ ጋሪ ሲስብ፣ ባቡር ሲያፏጭ የምናየው፤
ባርኔጣ የደፋ፣ ቀሚስ ያስረዘመ፣
በሰዓት ተከፍሎት ትናንት ላይ የቆመ።

ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጥቂት እልፍ ብሎ
መስጊድ አለ፣ አሮጌ፣ ትንሽ ጉልላት አዝሎ።
ልጄ «ቤተ ክርስቲያን!» ብላ ሮጠች ቀድማ፤
አልፈረድኩባትም፣ እኔም እስካያት ድረስ
ጨረቃዋን፣ ከጫፉ ላይ ቆማ።

ደረጃው ላይ ማንም ሳያዝዘን ጫማችንን ፈታን።
አስጎብኚዋ ሪሃም «ማን ነገራችሁ?» አለች፣ ፈገግ ብላ አይታን።
ምን ልበላት?
የእኛም ጫማ እሑድ እሑድ ደጅ ይጠናል፣
ቅዳሴው እስኪያልቅ ተገልብጦ ይጠብቀናል።

«ይህ ቤት» አለች፣ «እዚህ አይደለም የተሠራው፤
ሊፈርስ ሲል ነው ከመሀል ከተማ ነቅለው
በመኪና ጭነው ያመጡት፣ እንዳለ፣ በቁመናው።»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ።
እኔ ጫኝና አውራጅ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት
የሰው ቤት በጀርባዬ ነው ያለፈው፣ ከቤት ወደ ቤት።
ፒያኖ አውርጃለሁ በጠባብ ደረጃ፤
ባልና ሚስት ተካፍለው ሲያበቁ የተረፈች አንዲት ወንበር አቅፌ
የማን እንደሆነች እስኪወሰን በረዶ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።
ሰው ምንጣፉን ያያል፣ መስኮቱን ፎቶ ያነሳል፤
የእኔ ዓይን ግን ከወለሉ ሥር ይምሳል፦
ክሪኩ በየት ገባ? ማሰሪያው የት ላይ ጠበቀ?
ጉልላቱስ ከመብራት ሽቦው ሥር እንዴት አጎንብሶ አለፈ?

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ነጂብ፣
ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ፣
ሰሙኝ።
ልጅ ሆነው ቁርኣን ለቀሩበት ቤት
እንደ እኛው ትኬት ቆርጠዋል።
«ያን ቀን» አሉ፣ «በመኪናዬ ተከተልኩት፣ ቀስ እያልኩ፣
ቀብር ይሁን ሰርግ፣ የቱን እንደማጅብ ሳላውቅ።»

እኔም ጠየቅኋቸው፦ «ቁም ሳጥን ቢሆን ፊቱ የትም ይዙር፤
ይህን ሲያወርዱት ግን ወዴት እንደሚያዞሩት ማን ነገራቸው?»
ሪሃም ወረቀቷን አገላበጠች። የለም።
ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ ነኛ!
ጭቃው ላይ ቆሜ በእጄ ጠቆምኩ፤
ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ አዎ፣ በቃ።
ከዚያ ኮቴን አነጠፍኩና ሰገድኩ፣
ቤቱ ገና ከገመዱ ሳይፈታ።
ሾፌሩ ምንም አላለም።
ሞተሩን ብቻ አጠፋልኝ።»

ስንወጣ ልጄ የግራውን ጫማ ለቀኝ አድርጋው ሮጠች፤
አልተናገርኳትም።

ሰኞ ጠዋት የአንዲት አሮጊት ዕቃ ነበረን፣ ሦስተኛ ፎቅ።
የሚደገፉባትን ወንበር ይዤ መሀል ቤት ቆምኩ።
«ፊቷ ወዴት ይሁን?» አልኳቸው።
አንዱን መስኮት አዩ፤ ሌላውን አዩ።
ታች መኪናችን ያጓራል።
አንገቴን አውጥቼ ለጓደኛዬ ጮህኩ፦
«ሞተሩን አጥፋው!»
አሮጊቷ ገና እያሰቡ ነበር።