ፓታጎንያ፣ የበረዶው ዓመት

እራት ላይ ሲነሳ ያ የበረዶ ዓመት፣
አጎቴ ራሚሮ ይጀምራል በኩራት፦
"በረዶው ቀበረው መንጋውን ከነአጥሩ፤
አባባ በተቀበረበት በዚያው አካፋ፣
ሌሊቱን በሙሉ ክምሩን ስትገፋ፣
እማማ ሁለት መቶ ቆፍራ አወጣች ከሥሩ።"

"ሦስት መቶ ነው እንጂ!" ትላለች ኤልቪራ፣
"እኔ ነኝ ፋኖሱን የያዝኩት ከሷ ጋራ።"

ቁጥሩ በየዓመቱ እንደ በግ ይወልዳል፣
በረዶውም ከጣሪያ አንድ ክንድ ይጨምራል።

አያቴ ኦዲሊያ ዝም ብላ ትሰማለች፤
ሁለት ጣት በጎደለው እጇ ዳቦ ትቆርሳለች።

ዘንድሮ ግን ድንገት፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ፦
"አርባ አንድ ብቻ ነው በሕይወት የወጣ፤
የሌሎቹ ቆዳ ዱቄት ይዞ መጣ።
ፋኖስ የያዘ የለም፤ ጋዙ አልቆ ነበር፤
አንቺማ ተኝተሻል፣ ኤልቪራ፣ ምድጃው ሥር።"

ነፋሱ ቆርቆሮውን ደበደበ። ዝም አልን።
ከዚያ ራሚሮ፣ ቀስ ብሎ፦
"አርባ ሁለት ይሆን?"