የማን በጋ?

ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ከሉባባ ጎሚስታ ደጅ፣ ክሪክ ተተክሎ ማልዶ፣
ባለ ሁለት በሯ መኪናዬ በሦስት እግሯ ቆማ፣
አራተኛው መሬት ወድቋል እንዳረጀ ጫማ።

ሉባባ አውራ ጣቷን ጥርሱ መሐል ሰደደች፤
ጥፍሯ እንኳ አልተደበቀም፤ "ይሄማ መላጣ ነው" አለች።
"በዚህ ነው ሐረጎን ስትወርድ የከረምከው?
በፍሬን መስሎህ እንጂ በእናትህ ዱዓ ነው የቆምከው።"

ከግድግዳው ሦስት ዓይነት ጎማ ተደግፏል፦
አንዱ ድንጋይ ነው፤ አምስት ዓመት አገለግላለሁ ይላል።
አንዱ በጅቡቲ ዞሮ የመጣ፣ እኩሌታውን ኖሯል፣
ሽበቱን በጥቁር ቀለም ደብቋል።
ሦስተኛው ግን ወገቡ ሰፊ፣ ጎኑ ስስ፣
መስመሩ እንደ ቦይ ውሃ ወደ ኋላ የሚፈስ፣
በጣት ሲጫኑት እንደ ጆሮ ጫፍ ልስልስ፣
ዋጋው የሦስት ወር ደሞዝ የሚጨርስ።

ባትሪ አብርታ ከጎኑ የተጻፈውን ለቀመች፤
"ሁለት መቶ ሃያ አምስት፣ አርባ አምስት፣ አሥራ ሰባት። ልክህ ነው" አለች።
የልደቱን አራት ቁጥር ፈልጋ አገኘች፤ ሳምንትና ዓመት፤
"ገና ጨቅላ ነው፤ አልሞላውም ሁለት ክረምት።
የበጋ ጎማ ይባላል።
አስፋልት ሲሞቅ ይጣበቃል፤ ሲበርድ ግን ይደርቃል፣
እንዳኮረፈ ዘመድ ፊቱን ያዞራል።"

"የማን በጋ?" አልኳት።

እጇ ቆመ።
የሠሩት ሰዎች በጋ ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ለእኛ
ጦሳ ጉም ተከናንቦ የሚተኛበት፣ እንደ በሽተኛ።
የእኛ በጋ ታኅሣሥ ነው፤ ታኅሣሥ ሲነጋ በደሴ
መሪው በረዶ ይመስላል፣ ይንገጫገጫል ጥርሴ።

"የት ታድራለህ?" "ቧንቧ ውሃ።"
"ስንት ሰዓት ትወርዳለህ?" "ከንጋቱ አሥራ ሁለት።"
"ትመለሳለህስ?" "አሥራ አንድ፣ ፋብሪካው ሲያፏጭ ለመውጣት።"
"እንግዲያ ስትወርድ ውርጭ ነህ፣ ስትወጣ ሙቀት፤
ግማሽ ቀን ያንተ ነው ይሄ ጎማ፤ ግማሽ ቀን የባዳ ንብረት።"

እኔም ብልጥ ልሁን ብዬ፣ "ሁለቱን ለስላሳ ከፊት፣
ሁለቱን ድንጋይ ከኋላ ብናደርግስ፣ ለቁጠባ?" ስላት፣
መፍቻዋን ጣለች። "ፊቱ ይዞ ኋላው ሲከዳ፣
ሐረጎን በጀርባህ ትወርዳታለህ፤ ታች ደግሞ የለም ሜዳ።
አራት እግር አንድ ልብ ይኑረው።"

ገዛሁ። አለቃዬን ለምኜ ሰዓቴን ገፋሁ፣
ፀሐይ አስፋልቱን ሳትነካው ሞተር አላስነሳም አልሁ።
የሰፈሬን ኮብልስቶን ግን በየቀኑ ይቅርታ ጠየቅሁ፤
ስስ ጎን፣ ሹል ድንጋይ፤ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ነዳሁ።

በመጋቢት አንድ ቀትር፣ ከሦስተኛው ጥምዝ ጀርባ፣
ሲኖትራክ መንገዱን ዘግቶ፣ ጭነቱ ገደል ሊገባ።
ረገጥሁ።
ጎማው አልጮኸም፤ አስፋልቱን ነከሰ።
አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን፤ የላስቲክ ሽታ ነፈሰ፤
የሲኖው ረዳት፣ ታኮ ድንጋዩን እንዳቀፈ፣ በረጅሙ ተነፈሰ።

በዘጠኝ ወሩ ሉባባ አውራ ጣቷን ሰደደች፤
"አልቋል" አለች።
"እንዲህ ቶሎ?"
"የያዘ ነገር ያልቃል፣ ሸምሱ። ያ ድንጋዩ ይኸው፣
እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ፤ ማንንም ያልያዘው።"

አሮጌውን ለበረባሶ ሠሪው ለጋሽ ደምለው ብሰጠው፣
በጉልበቱ አጥፎ አየው፣ በወስፌ ወጋው፣ መልሶ ተወው፤
"ይሄ ጎማ አይደለም፣ ሙጫ ነው፤
ገበሬ ቢጫማው፣ ሰኞ ገበያ ሳይደርስ ባዶ እግሩን ነው።"

ሉባባ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አንስታ፣
"የማን በጋ ላድርግልህ?" አለች፣ ደረሰኙን ዘርግታ።
"ያንኑ" አልኳት።
ደሞዝ ገና አልወጣም ነበር።