ድርብ ቋጠሮ

ዓሣ ነው የማውቀው፤ ኳስ ምን አውቅና።
ሚያዝያ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ባሕሩም ደኅና፣
መረቤን ጥያለሁ። ሰማይ ተከፈተ፤
አንድ ነገር ነደደ፣ ወረደ፣ ሞተ።
ከዚያማ ዝምታ። ከዚያ የነዳጅ ሽታ።

ሲነጋ ሬዲዮው ጠራቸው በተርታ፦
የዛምቢያ ልጆች ናቸው፤ ዳካር ነው መንገዱ፤
ሊብረቪል አርፈው፣ ገና ሲነሡ ወረዱ።

ሦስት ቀን ቀዘፍን ከጠላቂዎች ጋራ።
በአራተኛው ቀን፣ መረቤን ሳጣራ፣
ባለ ጥርስ ጫማ፣ ጥንድ፣ ጨው የነከረው፣
አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥል ባለቤቱ ያሠረው፣
ማሰሪያ ለማሰሪያ፣ በድርብ ቋጠሮ።
ከጥርሱ ሥር ጭቃ፣ ባሕር ያላጠበው፣ የድሮ።

«መልስ፣ ኦጉላ» አለች አዚዜ። ለማን ነው የምሰጥ?
ከጠፉት መካከል የቱን እግር ልምረጥ?
ከበሩ ጀርባ ላይ ሰቀልሁት በምስማር።
ከዚያ ወዲያ ጀመርሁ ኳስ ከሬዲዮ መማር፦
ጣልያንን ሴኡል ላይ አራት ለዜሮ የሸኙ፣
ከነሱም አሉበት፣ ባሕሬ ውስጥ የተገኙ።
በዓመቱ አዲስ ልጆች መለያውን ለበሱ፤
ቱኒስ ድረስ ሄደው፣ ባንድ ጎል ተመለሱ።

የልጄ እግር ሲያድግ «ልሞክረው» ይለኛል።
በጥፊ ብዬዋለሁ። እስከ ዛሬ እጄን ያመኛል።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋንጫው መጣ በደጄ።
የኛዎቹ በመለያ ምት ወድቀው፣ አልቅሷል ልጄ።
እነዚያን አየኋቸው፣ አረንጓዴ ለብሰው፣
ባሕር ዳር ሲዘምሩ፣ አበባ ለማዕበል አጉርሰው።
ጫማውን በፌስታል ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤
ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ ምን ብዬ ልጀምር? ፈራሁ።

ማታ ጎረቤት ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣
መለያ ምት ሆነ። ቆጠርን፦ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።
ልጆቹ መሐል ሜዳ ተንበርክከው ይዘምራሉ፤
ማንን ነው የሚጠሩት? «ያልመጡትን» አሉ።
የአይቮሪ ኮስቱ ኳስ ካግዳሚው በላይ ሄደ፤
ቤቱ ውስጥ የነበረ ትንፋሽ ሁሉ ታገደ።
የመጨረሻዋን ኳስ መረቡ ዋጠ።
መረብ ዐውቃለሁ እኔ፤
ሕያው ዓሣ እንደያዘ ተንቀጠቀጠ።

ሰፈሩ ሲጨፍር ወደ ቤቴ ገባሁ።
ጨው ያደረቀው ክር ነው፤ በጥርሴ፣ በመንጠቆ፣ ፈታሁ።
ግራውን በግራ፣ ቀኙንም በቀኝ
ደፉ ላይ አኖርሁ።
ልጄ ዝም ብሎ አየኝ።