ዘለልሽ

የወንበሯን ጎማ በድንጋይ ደግፌ፣
አሽቀሎን ባሕር ዳር አጠገቧ ዐርፌ፣
መጽሐፉን አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው
የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ሁለት ባዶ እግር ነው።
የፀሐይ ቅባት ጠጥቶ ጠርዙ የወዛ፣
በገለጥኩት ቁጥር አሸዋው የበዛ፤
እኅቴ ከምታጸዳው ሆቴል፣ አልጋ ሥር የተገኘ፣
ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ ፈላጊ ያላገኘ።

ደሞዜ ለማጠብ፣ ክኒን ለማዋጥ ነው፤
ይህችን አንዲት ሰዓት ራሳችን ነን የሰረቅነው።

የነፍስ አዳኙ ድምፅ ከማማው ይጮኻል፣
«ባለ ቀይ ኮፍያው፣ ተመለስ!» ይላል፤
ባለ ኮፍያው አይሰማም። ኳስ እንጨት ላይ ይነጥራል።

«ምን ይላል?» አለችኝ እማማ እንጉዳይ፣
ሞራ በጋረደው ዐይን ማዕበል ልታይ።
ከዕብራይስጡ ወደ እኛ ቋንቋ እያሻገርኩ፣
አንዳንዱን ቃል እየጣልኩ፣ አንዳንዱን እየጨመርኩ፦

«ሊሮን የምትባል ጠበቃ ነበረች፣
እጮኛዋን ትታ ወደ ባሕር መጣች።
ጎረቤቷ ጀልባ ጠጋኝ፣ ኢታማር ይሉታል፤
ሰላምታ አያውቅም፣ ሲስቅ ግን ያምርበታል።»

«ወሩ?» «ነሐሴ ነው።» «ኤዲያ፣ አታሹፊብኝ!
በነሐሴ ፍቅር? ወንዙ ሞልቶ ማን ተሻግሮ ሊያገኘኝ?»
«እማማ፣ የዚህ አገር ነሐሴ በጋ ነው።»
«አውቃለሁ፣ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው።
እግሬ ነው ያልለመደው።»

ገና ገጽ አሥር ላይ መጨረሻው ገብቶኛል፤
ይጣላሉ፣ ስልኳ ውሃ ውስጥ ይገባል፣
እሱ ወደ ሃይፋ ይሄዳል፤
ይመለሳል።
ሥነ ጽሑፍ የሚማረው ልጄ ይስቅብኛል፣
«እማዬ፣ ይሄ እኮ ከረሜላ ነው» ይለኛል።
ይሁና። ከረሜላ ማን ይጠላል?

በዚህ ፊደል እስከ ዛሬ ያነበብኩት ነገር
ወይ የመብራት ዕዳ፣ ወይ የባንክ ብድር፣
ወይ ከፍርድ ቤት የመጣ፣ ማኅተሙ ያበጠ፣
ከፖስታው ሳይወጣ ሆዴን የቆረጠ።
ይሄኛው ግን ገና ከጅምሩ ይምላል፣
«ማንም አይሞት፣ አትፍሪ» ይላል፤
ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሳይረን የለበትም፣
ከጀርባችን ወዳለው መጠለያ የሚሮጥ የለም።

ገጽ ዘጠና አራት ላይ ጀልባው ውስጥ ገቡ፣
መብራቱን አጠፉና ዝም ብለው ቀረቡ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ «በማግስቱ ጠዋት
ዓሣ ገዝተው በሉ» ብዬ አሳጠርኩላት።

ማዕበል መጣ። ሄደ። ሌላው መጣ።

«ዘለልሽ» አለችኝ።
«ምኑን?»
«እኔ ምን ዐውቃለሁ? ትንፋሽሽን እንቅፋት መታው።
ሰባት ወልጃለሁ። ከማን ነው የምትደብቂው?»

አማርኛው ጠፍቶኝ አይደለም፤ አለኝ፣ አውቀዋለሁ፣
ግን ወይ በስድብ፣ ወይ በሹክሹክታ ነው የሰማሁ፤
ጮክ ተብሎ፣ በጠራራ፣ በደግ ቃል ሰምቼው አላውቅም፤
ስጀምር አፌ ቢተሳሰርም አላቆምኩም፦
«አንገቷን ሳማት። ጨው ጨው ይላል፣ ይላል።»

«ጨው?»

ብዙ ቆየች።
«እኔን ሲሰጡኝ» አለች፣ «አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤
መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከእኔ በቀር።
እነዚህስ ይጋባሉ?» «ይጋባሉ።»
«ካወቅሽው ታዲያ ምን ያደርግልሻል ማንበቡ?»
«ስለሚጋቡ!»

ሳቀች። የባሕሩ እርጥበት ያረፈበትን ክንዷን
አነሣችና ቀመሰችው፣ በምላሷ ጫፍ፣ አንጓዋን።
«እውነቱን ነው» አለች።

መብራቶቹ በሩ። አይስክሬም ሻጩ ሣጥኑን ዘጋ።
«ነገ እዚያው ላይ ጀምሪ። ጀልባዋ ጋ።»