ጨርሰዋል?

ፋይሉ አዳማ ቀረ፣ እኔ ሐዋሳ ገባሁ፤
ፍላሹን ሱሪዬ ኪስ፣ ሱሪዬን ገመድ ላይ ረሳሁ።
ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የመስኖውን ንድፍ ላሳይ ፈርሜ፣
ይኸው ከምሽቱ አምስት፣ ከገዛ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ
አንኳኳለሁ፦ በቁጥር፣ በነጥብ፣ በአራት ክፍል አድራሻ፤
መልሱ አንድ ነው፦ «ጊዜው አልፏል»። ደግሞ ወደ መነሻ።

ኮምፒውተሩ ግን በርቷል። እንዳይተኛ አዝዤው ወጥቻለሁ፤
የአዳማን ሙቀት ፈርቼ፣ ጎኑን ከፍቼ፣ ቬንትሌተር አዙሬበት መጥቻለሁ።
መሃላችን የቆመው ራውተሩ ነው፤ ያ መዳፍ የሚያክል ነጭ ዘበኛ፣
ሲወጡ እጅ የሚነሳ፣ ሲመለሱ «ማን ልበል?» ባይ ምቀኛ።
ከውስጥ ያልጠሩትን አያስገባም። ተከራይ ብትሆን፣ ባለቤት፣
እሱ ፊት ሁሉም እንግዳ ነው፤ ያየሃል ከአናት እስከ እግር ጥፍር፣ ይመልስሃል ከበር ፊት።

ደወልኩ ለአከራዬ።
እትዬ አስካለ፣ ከተማው ገና ናዝሬት ሲባል ቴሌ ማዞሪያ ላይ ነበሩ፤
ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ እጃቸው ላይ ገመድ፣ ሦስቱን ደቂቃ እየቆጠሩ
የነጋዴውን የጤፍ ዋጋ፣ የሹፌሩን ውሽማ ሲያገናኙ የኖሩ።

«እትዬ፣ ትርፉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው። ነጩ ሳጥን ላይ ስንት መብራት ይታያል?»
«አራት። ሦስቱ አረንጓዴ። አንዱ እንደታመመ ዓይን ቀልቷል።»
ገመዱ ላልቶ ነበር። ገፋ አደረጉት። ዳነ።
የኔ በር ግን እንደተዘጋ ነው።

«በሩ ቁጥር አለው እትዬ፤ ከውጭ በዚህ ቁጥር ለመጣ
ወደዚህ ማሽን አሳልፍ በሉት...» ሳልጨርስ ሳቃቸው መጣ፦
«ይህማ የውስጥ መስመር ነው! ቁጥሩን ሳይነግሩኝ ለማን አቀብል ነበር ድሮ?
አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆይተህ የደረስክበት ይኼው ነው ዘንድሮ?»
በአንድ ጣት፣ ከምስር ጠጠር እንደሚለቅም ሰው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ።
መብራቶቹ ድርግም አሉ። ደቂቃዎች አለፉ።

አንኳኳሁ። ጊዜው አልፏል።
አንኳኳሁ። ጊዜው አልፏል።

«ራውተሩ ለውጭ የያዘውን አድራሻ ያንብቡልኝ።» አነበቡ። በመቶ ጀመረ።
ዓለም የሚያየን ግን በሌላ ቁጥር ነው፤ ወገቤ ተሰበረ።
ከዘበኛው በላይ ዘበኛ አለ። ቴሌ ሰፈሩን በሙሉ
አንድ ጋቢ ደርቦ ነው የሚያስወጣው፤ ጋራዡ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሁሉ።
እኔ ከሩቅ ያንን ስም ብጣራ፣
ማን አቤት ይለኛል? የቱ በር፣ የማን ተራ?

ይህን ሳስረዳ መብራት ጠፋ።
ስልኩን ወደ መስኮት አዞሩልኝ፤ ንፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
«ሰማህ? ኮረብታው ላይ መብራት ይፈትላል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ክሩ ይበጠሳል።»
ካርዴ እያለቀ ነው። «ይዝጉት እትዬ» ብላቸው አልዘጉም፤
«ሰው ሳይጨርስ» አሉ «መስመር ነቅዬ አላውቅም።»

እና በጨለማው አወሩልኝ። አንዲት ሴት ነበረች፣ ባሏ አሰብ ወደብ የሚሠራ፣
መክፈል የማትችል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የምትቀመጥ ከአግዳሚው ጋራ።
«ለአሰቧ ባልደረባዬ ሹክ እላለሁ፦ እሱ ይደውል በይው።
ከዚያ በኩል ከመጣ ሕጉ ምን አገባው?»

ተነስቼ ቆምኩ። ጣራው ላይ አባ ኮዳ ክንፉን አራገፈ።
እሱ ይደውል! የኔው ኮምፒውተር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ!
ወር በወር የምከፍልባት የኪራይ ማሽን አለች፣ ባሕር ማዶ፣ ደጇ ገርበብ ያለ፤
እሱም ወደዚያ ይውጣ፣ እኔም ወደዚያ ልውጣ፤ ዘበኛ ለሚወጣ ሰው መቼ ከለከለ?

መብራት መጣ። አንድ መስመር ትእዛዝ፦ ሰረዝ፣ ክፍተት፣ ሁለት ነጥብ።
«የሁለት ነጥቡ ቁልፍ የታለ?» ... «አገኘሁት፣ ረጋ በል፣ አትጣደፍብኝ።»

ከዚያ ማህደሬ ተዘረገፈ፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣
«የምር የመጨረሻ»። ጎተትኩት።
አርባ ከመቶ። ስልሳ። ሰማንያ።

ማታውን ሙሉ «አንተ» ሲሉኝ ያመሹት ሴት ድምፃቸው ድንገት ቀጠነ፤
ጥርት ያለ፣ የማያውቀኝ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ፦
«ሃሎ። ጨርሰዋል?»

«ገና ነኝ» አልኩ።
ፋይሉ ገብቶ ካለቀ ቆይቷል።